ምን ብለሽ ጠራሻት?

ሰበታ፣ ጥር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አካም ጂርቱ? ባለቤትሽ ኦቦ ነገሳ ወገባቸውን ተሻላቸው ወይ? ባጫስ ሳሉ ለቀቀው? ጥምቀትን እንዴት ዋላችሁ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እኔም ታቦቱ ሲያልፍ ከበር አልወጣሁም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ከተባለ።

ከአርባዋ በኋላ ባጫን ይዤው እንድመለስ በሾፌሩ በካሳሁን ልከሽብኛል። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ እህትሽ ትንሹም አንቺው ዘንድ ይማር ብላለች አለኝ። እዚያ ተጂ ያለው ሰው እኔን እንዳያማ ብለሽ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ልጁን ከመስጠትሽ በፊት ይህን አንብቢ። በአፌ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ክፍላችንን አይተሽዋል፤ ትምህርት ቤት ነው ወይስ እቃ እቃ ብለሽ የሳቅሽበት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ምንጣፉን ይዘረጋል፣ አንዱ ከጆግ ወደ ጆግ ውሃ ያንቆረቁራል፣ አንዱ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ማንም የማንንም ሥራ አይነካም። ልጅሽ የመጣች ሰሞን ውሃውን ደፋችና መወልወያውን ራሷ አምጥታ ጠረገች። አመሰገንኳት። ከዚያ ወዲህ ለመወልወል ስትል ነው የምትደፋው።

እኔ መቼም ደንብ ወዳድ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። አክስቷም ቲቸሯም መሆኔ አስቸገረኝ፤ እሷ ጉልበቴ ላይ ስትወጣ ሌሎቹ ያያሉ። አንድ ቀን እግሯን እያጠብኩ ነገርኳት። ቤት ስንሆን ጂጂ ነሽ፤ ክፍል ውስጥ ግን መዝገቡ እንደሚለው ተረፈች ነሽ፣ እዚያ ጂጂ ብዬ ብጠራሽ አቤት እንዳትዪ አልኳት። ሁለቱ ልጆች ካለፉብሽ በኋላ ያወጣሽላት ስም ስለሆነ ደስ ብሏት ተቀበለች። አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ሆን ብዬ ጂጂ ስላት ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም። በስልክ ነግራሽ ሁለታችሁ ስትስቁ አጠገቧ ነበርኩ።

ያን ዓርብ ስለ ማስተር ፕላኑ ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች በበራችን አለፉ፤ ብዙም ሳይቆይ ተኩስ ተሰማ። ልጆቹ እንዳይደነግጡብኝ የዝምታ ጨዋታ እንጫወት አልኳቸው። ያውቁታል። ዐይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፣ እኔ ከኋለኛው ክፍል ሆኜ በሹክሹክታ እጠራለሁ፣ ስሙን የሰማ ኮቴውን ሳያሰማ ይመጣል፣ ያልተጠራ ንቅንቅ አይልም። ረዳቴ ድንቅቱ በጓሮ በር እየተቀበለች ወደ ጎረቤት ግቢ ታሻግራቸው ጀመር። ዲሪርሳን ጠራሁ፣ መጣ። ትጊን ጠራሁ፣ መጣች። አሥራ ሦስቱም ወጡ። የልጅሽ ተራ ሲደርስ ተኩሱ ቀርቦ ነበርና አፌ የቤቱን ስም አመጣ። ጂጂ አልኩ። ደግሜም ጂጂ አልኩ። ወዲያው መስኮቱ ተሰብሮ አስለቃሽ ጭስ ገባ፣ ዐይኔ ጠፋ። ከሌሎቹ ጋር ያለፈች መሰለኝና ወጣሁ።

ጎረቤት ግቢ ሆነን ስንቆጥር ጎደለች። ልጆቹ ቀሚሴ ላይ ተንጠልጥለው አላላውስ ሲሉኝ፣ ድንቅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ ተመልሳ ገባች። ከውስጥ ድምፅዋ ተሰማኝ፤ ተረፈች፣ ተረፈች ትላለች። እኔ ተንበርክኬ ተመስገን አልኩ። ስሟን እየተጣራች መሆኑ የገባኝ ይዛት ስትወጣ ነው። ፊቷን በቀሚሷ ሸፍና እዚያው ምንጣፏ ላይ አገኘኋት አለችኝ። ደረቷ ድሮም ደካማ ነበር፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ጤና ጣቢያ እስክንደርስ አልቆየችልንም።

ለቅሶው ላይ እግርሽ ሥር ወድቄ ጠርቻት ነበር፣ ጠርቻት ነበር ስልሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ። ምን ብለሽ ጠራሻት አልሽኝ። ለቀስተኛው ኀዘን የሚያናግርሽ መስሎት አለፈው። እኔ ግን ለምን እንደጠየቅሽ ገብቶኛል። በስሟ አልኩሽ። ያን ጊዜ ነው አቅፈሽ ያንቺ ጥፋት አይደለም ያልሽኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቅሽኝም። ዋሽቼ ያገኘሁት እቅፍ ነው፣ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ማክሰኞ ለአርባዋ እመጣለሁ። ካልጠራሽኝ ግን ቤት አልገባም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እቆማለሁ። ባጫንም ስጪኝ ብዬ አልለምንሽም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለሱ ብቻ አይደለም። ሰዉ ሕፃን ናት፣ ደንግጣ ፈዝዛ ቀረች እያለ ያወራል፤ አንቺም ሰምተሽ ይሆናል። እንዳታምኚ፣ እህቴ። ያልኳትን ነው ያደረገችው።

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናልሽ፤ ባጫን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

አዝለሽ ያሳደግሽኝ ታናሽሽ