የሚርቀው ቀይ፣ የሚቀርበው ሰማያዊ

ማክሰኞ፣ ጅዳ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ

ሩዙ ተጥዷል። ማዳም ተኝታለች። ልጇ ሪም ዩኒቨርሲቲ የምታጠናውን ኮምፒውተሯ ላይ አሳየችኝ። ጋላክሲ። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ። ቀዩ ሙቅ፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ ነው አልኳት፣ እንደ ቧንቧው። ሳቋ ከወንበር ሊጥላት። «ላ፣ ያ ኻላ ዘሃራ!» አይደለም አክስቴ ማለቷ ነው። ጋላክሲው ይዞራል፤ ቀዩ ከእኛ የሚርቀው ወገኑ ነው፣ ሰማያዊው የሚቀርበው። የእያንዳንዷን ነጥብ ብርሃን ለብቻ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጉታል። ያረጁት ከዋክብት የት እንዳሉ፣ አዲስ የት እንደሚወለድ የሚያውቁት በዚያ ነው። ኮከብ የሚሠራበት ጋዝ ወጥቶ ያለቀበት ጋላክሲ ግን አዲስ ኮከብ አይወልድም።

ማስታወሻዬ፣ ሰፈራችን ትዝ አለኝ። ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ያልወጣችበት ቤት የለም።

ረቡዕ

ማዳም ጠራችኝ። መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ያለችው እህቷ ሠራተኛ ትፈልጋለች። ልጅሽን ሐያትን አምጪያት፣ ቪዛው አለ አለች። እዚህ ወጉ ነው፤ ደህና የሠራች ሴት ዘመዷን ታስመጣለች። እኔም አንዴ አድርጌዋለሁ፤ ታናሽ እህቴን ዘይነብን። ታማ አገሯ ከገባች ወዲህ ስሟን ሲጠሯት አትዞርም።

መልሴን አርብ ለዑምራ ስንሄድ መካ ላይ ትፈልጋለች። ሐያት አገር ቤት አስራ አንደኛ ክፍል ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ።

አርብ፣ መካ

ካዕባን ዞሬ ጠዋፉን ከጨረስኩ በኋላ መስጊዱ ፎቅ ላይ ጥግ ይዤ ቆምኩ። በአንድ በኩል የሰው ፊት ይመጣል፣ በሌላው ጀርባ ይሄዳል። መሃሉ ባይታየኝም መዞሩን አወቅሁ። የሪም ጋላክሲ ገባኝ! ደስታዬ።

ከዐስር ሶላት በኋላ፣ የእህትየዋ ሳሎን። «ያላ ዘሃራ፣ መቼ ትመጣለች?» አለች ማዳም። አትመጣም፣ ትማራለች አልኩ። እህትየዋ ሳቀች፤ ተምራ ሚኒስትር ልትሆን ነው? ትሁን አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጅዳ

ለሐያት ደውዬ ነገርኳት። ጮኸችብኝ። «እማ፣ አንቺ ሄደሽ የለ? ጓደኞቼ ሁሉ ሄደው ከፍየሎቹ ጋር ቀረሁ እኮ!» ደላላ አግኝታለች። ባልፈቅድም ትሄዳለች። ዘጋችብኝ።

ቀኑን ሙሉ መስኮት ወለወልኩ። በስልክ አይሆንም። እሷ እውነቷን ነው፤ እዚህ ተቀምጬ አትምጪ ብላት ማን ይሰማኛል?

እሑድ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ

ቆርጫለሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስ። የመውጫ ቪዛ አስጨርሱልኝ እላለሁ። ማዳም ትቆጣለች። ትቆጣ። ኸላስ፣ በቃ። አገሬ ገብቼ ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ ልጄ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ ግን ቤት ውስጥ እኖራለሁ። ደላላውም ቢመጣ በሩን የምከፍተው እኔ...

ማዳም ተነሳች።