ሰማያዊው የአያትህ ምልክት

አርድሊን፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1958

ላክላኔ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሃል? የባለርስቶቻችን የታላቁ ቤት ጣሪያ ዘንድሮም ያፈሳል። እመቤቲቱ በየክፍሉ ባልዲ ደርድረው፣ "ይሄ ቤት ሦስት መቶ ዓመት ቆሟል፤ እኔን ቀብሮ ነው የሚወድቀው" ይላሉ። ይህን የምጽፍልህ ከዋናው ነገር እየሸሸሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት አባትህ በጎቹን ከተራራው አውርዶ ብቻውን የባለቤት ምልክት ቀለም ቀባቸው። ስወጣ ስልሳው በጎች ግራ ታፋቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት ይዘው ቆመዋል። የእኛ ቀይ ነው፣ ቀኝ ትከሻ ላይ። ሰማያዊው የአያትህ ነበር፤ እሳቸው ከሞቱ ደግሞ ሠላሳ ዓመታቸው።

"ሄክተር፣ ምን ነካህ?" አልኩት።

"አባባ ናቸው ያዘዙኝ" አለ ረጋ ብሎ። 

የርስቱ ተቆጣጣሪ ጊልክሪስት ሐሙስ በጎቹን ሊያይ ሊመጣ ነበር። አባትህ እንደሚረሳ ካወቀ፣ ለቅዱስ ማርቲን ቀን፣ ኖቬምበር 11፣ የኪራይ ውላችን አይታደስም፤ እርሻውም ጎጇችንም ይሄዳሉ። ቀለሙ በውሃ አይለቅም። ስለዚህ ከጎረቤታችን ከዱጋል ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ሰማያዊውን ሱፍ በመቀስ ሸለትን። ብርዱ ሊገባ ሲል የበጎቹን ቂጥ አራቆትነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጊልክሪስት መጥቶ ዙሪያቸውን ዞሮ አያቸው። "እነዚህን ምን በላቸው?"

"የኤደንብራ ፋሽን ነው" አለው ዱጋል።

ሊስቅ ሲል አባትህ ወጣ። ኮፍያውን አንስቶ፣ በጊልክሪስት ሟች አባት ስም ጠርቶ ሰላም አለው።  ጊልክሪስት ወደ እኔ ዞረና፣ "ወይዘሮ ኤፊ፣ እርሻውን ማን ሊይዘው ነው?" አለኝ።

"ላክላን ወደ ቤት እየመጣ መርከብ ላይ ነው" አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

"እንግዲያው ለቅዱስ ማርቲን መጥቶ ይፈርም" ብሎ ሄደ።

ልጄ፣ ኒውዚላንድ እንደተስማማችህ አውቃለሁ። ስትሄድ "ለእኛ ብለህ እንዳትመለስ" ያልኩህም እኔው ነኝ። አሁንም ና አልልህም። ግን እናትህ በስልሳ ዓመቷ ዋሽታለች፤ ፈርቻለሁ፤ ውሸታም አታሰኘኝ።

የረገጥከው ይለምልም፤ ክፉ አይይህ።

እናትህ ኤፊ

የመርከቡን ወሬ አባትህም ሰምቷል። "ላክላን ሲመጣ አብረን እንቀባቸዋለን" ብሎ ቀለም በጥብጦ በሩ ሥር አስቀምጧል። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት፤ ቀይ ነው።