ሲገቡ ግራ ወይስ ሲወጡ ግራ

ለምወድህ ወንድሜ ለሞኤኬትሲ፣

ጤናህ እንደምን ነው? ባለፈው የጻፍህልኝ ሳል ለቀቀህ? ከወርቁ ጉድጓድ ስትወጣ ደረትህን ሸፍን ብዬህ ነበር፤ ትሸፍናለህ? እኛ ደህና ነን፤ በረዶው ከተራራው ወርዶ ደጃፋችን ደርሷል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ጊዜ የለም። ልጅህ ፌሎ የከብት በረታችንን ድንጋይ ለመንገድ ሥራ ሸጦታል። የጭነት መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል። አባታችን ከወንዙ ዳር ያገኘው፣ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ የራስ ቅል የታተመበት ድንጋይ ያለው እዚያው ግንብ ውስጥ ነው። በልጅነቴ የሣልሁትን ሥዕሉን ለሙዚየም ልኬ ነበር። ዳይኖሰሮች ገና ሳይገዝፉ የኖረ፣ የጡት አጥቢዎች ሁሉ የሩቅ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም፤ ድንጋዩን ሳናይ ግን አንፈርድም ብለው መለሱልኝ።

ለፌሎ ብነግረው ሳቀብኝ። «አክስቴ፣ ላሞቹ ካለቁ ስንት ዘመናቸው! ለአንዲት አይጥ ብዬ ባዶ በረት ልጠብቅ? በዲጂኖ ንጄ እሰጥሻለሁ፤ ከፍርስራሹ ልቀሚ» አለኝ። እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ አጥንት ከፍርስራሽ አይለቀምም።

ከብቶቹ እንዳያሹት አባታችን ቅሉን ወደ ግንቡ ውስጥ አዙሮ ስለ ገነባው፣ ድንጋዩ በዓይን አይለይም። ደብተሬ ላይ «ከበሩ በስተግራ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ አራተኛው ድንጋይ» ብያለሁ። ከብቶቹ ሲገቡ ግራ ይሁን ሲወጡ ግራ አልጻፍሁም። ለእንዲህ ያለ ጉድለት ስንት ተማሪ እንዳንበረከክሁ ታውቃለህ፤ አንዱ አንተ ነበርህ። ግንቡ አብጧል፤ የተሳሳተው ድንጋይ ከተመዘዘ ጉበኑ ወርዶ ሁለቱንም ወገን ይደረምሰዋል። ግንቡ በተሠራበት ቀን ለአባታችን ድንጋይ ታቀብል የነበርህ አንተ ነህ።

ጎረቤታችንን ሽማግሌውን ራማቤሌን እንዲመዝልኝ ለመንሁት። «መምህርት፣ ያለ ባለቤቱ ቃል የሰው በረት አልነካም። ደግሞስ አንቺ ግራሽን ካላወቅሽ እኔ በምን ልወቅ?» ብሎ አላገጠብኝ። እውነቱን ነው።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ወደ ማዕድኑ በሚመለሰው በራማቤሌ ልጅ እጅ ልኬዋለሁ። እንደ ደረሰህ በሚሲዮኑ በኩል ቴሌግራም አድርግልኝ፤ «ሲገቡ» ወይም «ሲወጡ» ይበቃል፤ ራማቤሌም የባለቤቱ ቃል ብሎ ይመዝልኛል። እኔ ሲገቡ ይመስለኛል፤ «ይመስለኛል» ግን መልስ አይደለም። እስከ ዓርብ ቀትር ቃልህ ካልመጣ፣ በልማዳችን ሴት የማትገባበትን የከብት በረት በስልሳ አራት ዓመቴ እገባበታለሁ። ድንጋዩንም በእጄ እመዝዛለሁ።

ራማቤሌ ሰላም ብሎሃል። ፌሎ አላለም፤ እኔ ጨምሬለታለሁ። ሚስትህ ማፑሌንግ በናፍቆት ሰላም ትልሃለች። የገባሁ እንደሆነ ብርድ ልብሴን ይዛ በሩ ላይ ልትቆምልኝ ቃል ሰጥታኛለች።

እህትህ ማሊኔዎ
ኩቲንግ፣ ሌሶቶ
ማክሰኞ፣ ጁላይ 12 ቀን 1983