ስኳር ላይ ቀረጥ፣ አረቄ ላይ ምሕረት

ለተከበሩ ጓድ ብሩ፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የጥርሳችን ጠባቂ፣
ደሴ።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ እርስዎ ባወጡት የጤና ቀረጥ ምክንያት ስኳርና ለስላሳ ከአፋችን ስለራቁ፣ ምስጋና ይግባዎና፣ ጥርሳችን ደህና ነው፤ የሚነክሰው ብቻ አጣ።

በስብሰባው ላይ ቀረጡ ጣፋጭ የለመደውን ሀብታም እንጂ እናንተን አይነካም ብለው በእናትዎ አጥንት ሲምሉልን፣ እናትዎን እናውቃቸው ነበርና አምነን እጃችንን አወጣን። አሁን ግን ጥቂት ቅሬታ በትሕትና ላቅርብ።

1ኛ/ ስኳር ልገዛ ኅብረት ሱቅ ገብቼ ጨው ይዤ መውጣት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። ቡናውንስ ድሮም በጨው እንጠጣው ነበር፤ ሻይን በጨው ያስተማሩን ግን እርስዎ ነዎት፤ ውለታዎን አንረሳም።

2ኛ/ ለጤናችን ተጨንቀው ለስላሳውን ሲቀርጡ አረቄውን ማለፍዎ ደንቆናል። ዛሬ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሁለት መለኪያ አረቄ ይረክሳል። ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ ብጠይቅ የባሰ ነው። የሰፈራችን ወንዶችም ለጤናቸው ሲሉ ወደ አረቄው ዞረዋል።

3ኛ/ ይህን ስጽፍ ቀልዱ ይጠፋብኛል። ልጄን ቀለሙን ስድር፣ እንደ አገራችን ወግ፣ ጠላ ለማይቀምሱት እስላም ጎረቤቶቼ ለብቻ የሚቀርብ መጠጥ ማሰናዳት ነበረብኝ። ብርዝ እንዳልበጠብጥ ማር ከገበያ ጠፍቷል፤ ለስላሳውን ደግሞ ቀረጥዎ ከእጄ አወጣው። ክርስቲያኑ በጠላው ሲጫወት እነሱ ውኃ ይዘው ተቀመጡ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ሸሪፋ ቤቷ ሄዳ፣ ከራሽን የተረፋትን ስኳር ጨምራ ሻይ አፍልታ፣ በማንቆርቆሪያ ይዛ መጥታ በእኔ ዳስ ውስጥ እንግዶቼን አስተናገደችልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እርስዎ እናትዎ ሲሞቱ በሸሪፋ እጅ ጎርሰው ያደጉ ሰው፣ የጠላ ዋንጫዎን እንደያዙ አዩዋት፤ አይተውም ፊትዎን አዞሩ። ከስኳሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ከዱን፣ ጓድ ብሩ።

ዕድሜዎን እንደ ቀረጥዎ ያብዛልዎ፣ ፊትዎንም ወደ ሰው ይመልስልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ ጎረቤትዎ፣

አልጣሽ ይመር
ደሴ፣ 1974 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ሸሪፋ ልጇን ስትድር፣ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ በክርስቲያን እጅ በግ አሳርዳ ጠበቀችን። እርስዎም ደጋግመው ሲጎርሱ አይቻለሁ። በግ ላይ ቀረጥ መጣል እንደረሱ እንዳላስታውስዎ ፈርቼ ዝም አልኩ።