ሁለት ቁጥር ያለው ሃምሳ ብር

ሰኞ

እማዬ ሃምሳ ብሯን አወጣች። ትራሷን በምላጭ ተረተረችው፤ ከጥጡ መሀል በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ደጋግሞ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንገትሽን የሚያምሽ ለካ በዚህ ነው ብዬ ቀለድሁ፤ አልሳቀችም።

"የንጉሡ ብር በአዲስ የሚለወጠው እስከ ቅዳሜ ነው አሉ። አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ምን እንደምናደርግ ንገሪኝ" አለችኝ።

አስተማሪነቴ ሁለተኛ ክፍል ነው። መደመርና መቀነስ። ብሩን ግን አውቀዋለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት ውጫሌ ገበያ ጊደሯን ሸጣ የተቀበለችው ነው። ለእኔ ቀሚስና ደብተር ልትገዛበት ለባለሱቅ ብትሰጠው አገላብጦ አየና መለሰላት። በግራ በኩል ያለው ቁጥር መጨረሻው 4 ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው 7። የቀረው ሁሉ አንድ ነው። "ሐሰተኛ ነው፣ ደብቂው" አላት። የጊደሯን ገዢ ስሙንም አገሩንም አታውቅ። ለሌላ ሰው እንዳታሻግረው ሐራም ሆነባት። እንዳትቀደው ደግሞ ጊደሯ ናት።

ይማም፣ ሐይቁ ዳር የሚያርሰው ጎረቤታችን፣ አንዲት ጊደር በሃምሳ ብር ሊሰጣት ተስማምቷል። የሚጠብቃት እስከ ቅዳሜ ነው። ከዚያ ካለፈ ለነጋዴ ይሸጣታል። ከእኔ ደሞዝ ሃምሳ ብር እስኪጠራቀም ደግሞ ጊደሯ አርጅታ ትሞታለች።

ምን ልበላት?

ማክሰኞ

ለመምህር ታደለ አሳየሁት። ደግ ሠራሁ ወይስ አጠፋሁ፣ እስካሁን አልለየልኝም። ታደለ የአምባሰል ሰው ነው፤ ጂኦግራፊ ያስተምራል፣ ቴምብር ይሰበስባል። ማጉያ መነጽሩን አወጣና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አገላብጦ አየው።

"ሉባባ፣ ይሄ ሐሰተኛ አይደለም። የተሳሳተው ማተሚያው ነው። ውጭ አገር እንዲህ ያለ ስሕተት እየፈለጉ የሚገዙ ሰዎች አሉ" አለኝ።

ስንት ይሰጣሉ ስለው ምናልባት አምስት መቶ፣ ምናልባት አምስት ሺ አለ። የት ነው የሚገኙት ስለው አላውቅም አለ። አንተ በስልሳ ግዛኝ ስለው ሳቀ፤ ደሞዙ ገና ሳይወጣ አምባሰል እናትና አባቱ ዘንድ ይደርሳል።

ብቻ "አታጠፊው" አለኝ። ስምንት ዓመት የታጠፈ ወረቀት።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፦

ባንክ ወስጄ ደህና ከሆነ፣ ሃምሳ ብር። ጊደር።

ባንክ ወስጄ ሐሰተኛ ነው ካሉኝ፣ "ከየት አመጣሽው? ከማን ጋር?" ዘንድሮ ደግሞ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ በሰላም ወደ ቤት የሚኬድበት ዘመን አይደለም።

ባስቀምጠው፣ ወይ አምስት ሺ ብር፣ ወይ የንጉሥ ፎቶ ያለበት ብጣሽ ወረቀት። ቤት ሲፈተሽ ቢገኝስ? "ማን እስኪመለስ ነው ያስቀመጥሽው?" ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ቴምብር ሰብሳቢው ታደለ ያውቃል ልበል?

ራሴን አመመኝ።

ረቡዕ

መላ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ አሮጌ ብሩን ተሸክሞ ደሴ ሄዷል፤ ባንኩ ገበያ ሆኗል አሉ። በዚያ ግርግር ቁጥር የሚያነብ ማን አለ? ዝም ብዬ ሰጥቼ ዝም ብዬ እቀበላለሁ አልኋት።

እማዬ ተቆጣች። እንዲህ ስትቆጣ ካየኋት ቆይቻለሁ።

"ታዲያ ያ ሰውዬ በእኔ የሠራውን ልትሠሪ ነው?"

"መንግሥት ነው እኮ እማዬ።"

"መንግሥትስ ቢሆን? ሐቅ የለውም?"

ደርግ ይህን ቢሰማ ሊቀ መንበር ያደርጋት ነበር። (ይህን መስመር ነገ እሰርዘዋለሁ።)

ከዚያ የጊደሯን ነገር አነሳች። ያን ዕለት ውጫሌ ላይ ገዢው ዋጋ ሳይጠራ በፊት "ገመድ ትበጥሳለች፣ ሁለት ጊዜ ከማሽላ ውስጥ አውጥቻታለሁ" ብላ ነግራዋለች። በዚያ ምክንያት አምስት ብር ቀንሶባታል። "እኔ የጊደሬን ነውር ነግሬ ሸጥሁ። እሱ የብሩን ነውር ደብቆ ሰጠኝ። አንቺ ነውሩን ተናግረሽ ስጪ። አይቶ ከተቀበለሽ ሐላል ነው። ካልተቀበለሽ ይዘሽው ነይ፣ እንቀደዋለን።"

እሷ እንዲህ ስትለው ቀላል ይመስላል። ባንክ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ፣ ዘብ ጠመንጃ ይዞ አጠገብ እያለ፣ "ይህ ብር ችግር አለበት" የሚል ጤነኛ ሰው ማን ነው? እፈራለሁ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልጻፍሁት የት እጽፈዋለሁ፤ በጣም እፈራለሁ።

ሐሙስ

አጠበችው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሃምሳው ብር በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ፣ አራት ጠጠር በአራቱ ጫፍ ተጭኖበት ፀሐይ ይሞቃል። "ቆሽሾ ለመንግሥት አይሰጥም" አለች። ንጉሡ ትንሽ ገርጥተዋል። ቁጥሮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ 4 እዚያ፣ 7 እዚህ።

ለታደለ ስነግረው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። "ታጥፎም ነበር፣ አሁን ደግሞ ታጠበ" አለ። ዋጋው ቀነሰ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አዎ አለ። ከስንት ወደ ስንት ስለው እሱን አላውቅም አለ። ይህ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር እንኳ ቢኖር ምን ነበረበት። ቆይቶ ደግሞ "ቢሆንም ሃያ ዓመት አስቀምጪው" አለኝ። እማዬ የዛሬ ሃያ ዓመት ወተት ምን ያደርግላታል?

ነገ እሄዳለሁ። አስፈቅጃለሁ።

አርብ

ደሴ ደርሼ ተመለስሁ። በተራው እጽፋለሁ።

ኬላው ላይ ሁላችንንም ከአውቶቡስ አወረዱን። ቦርሳዬን አዩ፤ ብሩ ጡቴ ሥር ነበር። አለፍሁ። ባንኩ ጋ ሰልፉ አጥሩን ዞሯል። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ብራቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ከኋላዬ ያለችው በርበሬ። ሁሉም ያንን አንድ ፎቶ ይዞ ቆሟል።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ገንዘብ ተቀባዩ ወጣት ነው፣ ቀና ብሎም አላየኝ። ሃምሳውን ሰጠሁት፤ ክምሩ ላይ ሊወረውረው እጁን አነሳ። በዚያ ዝም ብል አልቆ ነበር። "ወንድሜ፣ ቁጥሮቹን ይዩልኝ፤ አንድ አይደሉም" አልሁ።

አየ። እንደገና አየ። ከዚያ እኔን አየ።

"ከየት አገኘሽው?"

"እናቴ ጊደር ሸጣ።"

"ሌላ ሰው አይቶታል?"

"አንድ መምህር።"

ግራ ቀኙን ቃኘ። ዘቡን ሊጠራ ነው አልሁ በልቤ። እሱ ግን እጁን ሱሪ ኪሱ ከተተ፣ የራሱን ቦርሳ አወጣ፣ ከውስጡ አዲስ ሃምሳ ብር መዝዞ ሰጠኝ። የኔን ክምሩ ላይ አልጣለውም። ሳያጥፍ፣ በጥንቃቄ፣ በወረቀት መሀል አድርጎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ አስገባው። ምንም አልጻፈም። "ቀጣይ" አለ።

ደረጃው ላይ ብዙ ቆምሁ። ብሬን መልስልኝ ልበል? ምን ብዬ? አዲሱን እጄ ይዤ? ሃምሳ ብር ፈለግሁ፣ ሃምሳ ብር አገኘሁ። ታዲያ ለምን የተሰረቅሁ መሰለኝ?

ቅዳሜ

ትናንት ለእማዬ "ተቀበሉኝ" ብቻ ነበር ያልኋት። ዛሬ ጠዋት አልቻልሁም፣ ሁሉንም ነገርኋት፤ ቦርሳውን፣ ወረቀቱን፣ የሸሚዙን ኪስ።

"ነውሩን ነገርሽው?"

"ነገርሁት።"

"እሱስ ምን ነገረሽ?"

"ምንም።"

ትንሽ አሰበችና "እንግዲያ ከዛሬ ጀምሮ ትራስ የሚጎረብጠው እሱን ነው" አለች። ተነሥታም ነጠላዋን ለበሰች።

ይማም ጊደሯን ይዞ ደጅ ቆሟል። እማዬ ብሩን ከመስጠቷ በፊት ነውሯን ንገረኝ አለችው። አንገቱን እያከከ "ውሃ ትፈራለች። ሐይቁን ካየች ወደ ኋላ ትጎትታለች" አለ። ሐይቅ ዳር ተወልዳ። እማዬ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ሃምሳውን ከመስጠታችን በፊት ግራና ቀኙን ቁጥር አየሁት። አንድ ነው። ለምን ትንሽ ከፋኝ?

ታደለ የኪሱን ነገር ሲሰማ ማጉያ መነጽሩን አወጣና መልሶ ኪሱ ከተተው። "ሳያጥፍ ነው ያስገባው?" ብቻ አለ። አዎ አልሁት።

እሑድ

እማዬ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ተመልሳ ተኛች። ረፋድ ሆኗል፣ አሁንም አልተነሣችም። እንዲህ ስትተኛ አይቻት አላውቅምና ሁለት ጊዜ ሄጄ ትንፋሿን አዳመጥሁ። ደህና ናት።

የተተረተረውን ትራስ እኔ ነኝ የሰፋሁት። ያው ጥጥ ነው፣ የጎደለው አንዲት ወረቀት ብቻ። እሷ ግን ስትተኛ "ለሰለሰ" ብላኛለች።

ጊደሯ ሐይቁን ጀርባዋን ሰጥታ ታመነዥካለች። እኔ ቁጭ ብዬ አስባለሁ፤ አምስት መቶ ነበር ወይስ አምስት ሺ?