የኬቨን ውሻ

አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። አሁንም እዚያው ብሬብሩክ ቤታችን ነን። እማዬ ደህና ናት፤ አልጋው ላይ ግን እስካሁን በራሷ በኩል ብቻ ነው የምትተኛው። ትንሹ ልጅህ ያቤጽ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ያደርሳታል። በአማርኛ ስታወራው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስላት፤ መቆጣቱን ትታዋለች። አጥሩ ሥር የነበረውን ጎመንህን እንደገና ተከልነው። እኔም ነርሲንግ ጨርሼ ሥራ ይዣለሁ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዋናውን ነገር ለማዘግየት ነው።

መሃል ሲቲ ቢሮ የምታጸዳበትን ሥራ ብዙም አታነሳውም ነበር። የምትኮራው በግ አርቢው ኬቨን ፋርም ላይ በምትሠራው ነበር። በጎቹ በሚወልዱበት ወቅት ቀበሮ ገና እግራቸው ያልጸና ግልገሎችን እየነጠቀ ሲያስቸግረው አንተን ይጠራሃል። ያቺን ትንሽ ፊሽካ ከንፈርህ መሃል ይዘህ እንደተጎዳች ጥንቸል ስትጮህ፣ ቀበሮው እራት ያገኘ መስሎት ሜዳውን አቋርጦ ይመጣል፤ ያኔ ተኩሰህ ትጥለዋለህ። «እንደ አንተ ቀበሮ የሚጠራ የለም» ይልሃል ኬቨን። አንተም መጥተህ ትነግረናለህ፤ እኛ ደግሞ ስልካችንን እናያለን።

ለመጨረሻ ጊዜ የጠራህ ሌሊት ካልወሰድከኝ ብዬ የለመንኩህ እኔ ነኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር። «ዓይኑ ሲያበራ ስላየሽ ብቻ ቀበሮ ነው አትበይ፤ ገላው መታየት አለበት» አልከኝ። ጠመንጃውን መኪናው ላይ አጋድመህ፣ ፊትህን ወደ ወንዙ አዙረህ ፊሽካውን ትነፋለህ። ከመኪናው ጣሪያ ላይ በሚወርደው መብራት ሁለት ዓይኖች ሲያበሩ አየሁ። ላስደስትህ ፈለግኩ። የጠመንጃ ላይሰንስ የለኝ፣ አንተንም አልጠየቅኩህ። ጠመንጃውን አንስቼ ተኮስኩ።

ሮጠን ስንደርስ የኬቨን ውሻ ነበር። ከታሰረበት አምልጦ የጥንቸሏን ጩኸት ተከትሎ መጥቶ ኖሯል።

ኬቨን ከመድረሱ በፊት ጠመንጃውን ከእጄ ወሰድክ። «እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው» አልከው። ተንበርክኮ ውሻውን አቀፈና ቀና ሳይል «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ» አለህ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያወራኸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለእናትሽ እኔ ነኝ የምነግራት» አልከኝ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ አባዬ። እውነቱ ይህ ነው፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የጠራህ ገበሬ የለም። ኬቨን ለጎረቤቶቹ ሁሉ ነግሮ ነበር። እማዬ «ውሻና ቀበሮ መለየት ካቃተህ መነጽር ግዛ» እያለች ስትቀልድብህ ፈገግ ትላለህ። እኔ ሳህን አነሳለሁ። ቸርች ቆሜ ስንት ነገር መሰከርኩ፤ ይህን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። ሆስፒታል ሳለህ አንድ ቀን ይቅርታ ልልህ አጠገብህ ተቀመጥኩ። ውሃ ጠየቅከኝ፤ አጠጣሁህና በዚያው ቀረ።

ባለፈው ወር ኬቨን ጋ ሄድኩ። አርጅቷል። በሩ ላይ እንደቆምኩ «ውሻህን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ አይደለም» አልኩት። «እሱስ የት ነው?» አለኝ። መሞትህን አልሰማም ነበር። ስነግረው ደረጃው ላይ ተቀመጠና ስልኩን አውጥቶ ለአንድ ጎረቤቱ ደወለ። «ያ ውሻዬን ገደለ ያልኩህ ሰው፣ እሱ አልነበረም። ያለ ጥፋቱ ስሙን አጥፍቼበታለሁ» አለ። ለሦስት ሰው በተራ እየደወለ ይህንኑ ተናገረ፤ እኔ ቆሜ ሰማሁ። ግቢም አላለኝ፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላለኝ። አልፈረድኩበትም።

ማታውኑ ለእማዬ ነገርኳት። ምድጃውን አጠፋችና «ስንት ዓመት ሙሉ ስስቅበት ኖርኩ» አለች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «እሁድ ከቸርች ስንወጣ መቃብሩ ጋ ትወስጂኛለሽ» አለችኝ። ሄድን። እሷ ድንጋዩን በነጠላዋ ጠረገች፤ እኔ ቃል ጠፋኝ። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ይቅርታህን በቁምህ አልጠየቅኩም፤ አሁን ደግሞ መልስህን አልሰማም። ግን ስምህ በተነሳ ቁጥር፣ ስለ ልጁ ብሎ ነውሩን የተሸከመ ሰው ነበር ብዬ እናገራለሁ። ለያቤጽ ነግሬዋለሁ። ልጆች ብወልድም እነግራቸዋለሁ፤ የእኔን ጥፋት ሳልቀንስ።

ልጅህ ሳምራዊት