ሦስትና አንድ የወጣ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እናትሽ ኦፕራሲዮኑን አልፈልግም አላለችም። አልፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ዋሽቼሻለሁ።

ጤናሽን ሳልጠይቅ በዚህ መጀመሬ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ግን እንደ ወትሮው ሰላምታ ብቻ ጽፌ ፖስታውን እንደማሽገው ስለማውቅ ነው። እንግዲህ አሁን ልጠይቅሽ፤ እንዴት ነሽ? ሳሉ ለቀቀሽ? ባልሽስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የእንጨት ሥራውንም አልተውኩም፤ በር መግጠም ቢያቅተኝ ወንበር እጠግናለሁ።

ባለፈው ስትደውዪ፣ እናቴ ትታኝ ሄደች፣ ለኔ ስትል እንኳን አልታገለችም፣ ፎቶዋንም ከግድግዳ አውርጄዋለሁ አልሽኝ። አንቺ ከዘጋሽው በኋላ እኔ ስልኩን ከጆሮዬ ማንሳት አቃተኝ።

ከበር ትራፊ እንጨት የሠራሁትን ታውላ፣ ያን በዳይስና በጠጠር የምንጫወትበትን ሰሌዳ፣ ታስታውሺዋለሽ። እኔና እናትሽ ያልተስማማንበትን ነገር ሁሉ የምንቆርጠው በሱ ጨዋታ ነበር። የሳሎኑ ቀለም፣ የአልጋው ቦታ፣ ሁሉም። አንቺ ለትምህርት ርቀሽ የሄድሽው እኔ ስለተሸነፍኩ ነው። ያን ዕለት ጎረቤቶቹን ጠርታ፣ ኑ እዩት፣ እሱ እኮ ጠጠሮቹን እንደ ጫጩት ታቅፎ ነው የሚጫወተው እያለች ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። እኔ ጠጠር ብቻዋን ማቆም አልወድም፤ ብቻዋን የቆመችውን ጠጠር ባላጋራ መትቶ ያወጣታል፣ ጉዞዋንም እንደ አዲስ ትጀምራለች። እሷ ግን ገና በመክፈቻው ትደፍር ነበር። መጀመሪያ ላይ ቢመቱህ የምትከስረው ትንሽ ነው፣ ሰውዬው ቤቱን ሁሉ ከዘጋ በኋላ ቢመቱህ ግን መግቢያም የለህ ትለኝ ነበር።

ሐኪሙም ያለን ይህንኑ ነው። እብጠቷ ገና ትንሽ ናት፣ አሁን እናውጣት፣ ከቆየች ግን ምንም ማድረግ አንችልም አለ። እናትሽ ወዲያው እሺ አለች። ልጄ ስትወልድ ማየት አለብኝ፣ ቁረጡኝ አለች። የተንቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ እንደዚያው ኦፕራሲዮን ገብቶ በማደንዘዣ እንደተኛ ሳይነቃ እንደቀረ ታውቂያለሽ። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። በመጨረሻ፣ በቃ እንጫወትበት፣ ካሸነፍክ ኦፕራሲዮኑ ይቀራል አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተቀመጥን። ማን እንደሚጀምር ለመለየት አንዳንድ ዳይስ ጣልን፤ እሷ ሦስት፣ እኔ አንድ። ጀማሪዋ እሷ ሆነች፤ የምትጫወተውም በሁለቱ ቁጥር ነው። ሦስትና አንድ! ለመክፈቻ ከዚህ የተሻለ የለም። ከስምንተኛው መስመር ሦስት፣ ከስድስተኛው አንድ ነድተሽ ሁለቱን ጠጠሮች አምስተኛው ላይ ታገናኚያቸዋለሽ፤ ማንም አይነካቸውም። አንቺን ከሁሉ አስቀድማ ያስተማረችሽ እሱን ነው። ያን ዕለት ግን አንዷን ብቻ አምስተኛው ላይ አወረደቻት። ሌላዋን ከሩቅ አምጥታ ሜዳ ላይ ተወቻት። ሁለቱም ብቻቸውን ቆሙ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ቁጥር ተሳስታ አታውቅም። ሕመሙ አዙሮባት ነው ብዬ አሰብኩ። መልሺው፣ ደግመሽ አስቢ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ዳይሱን ጣልኩ፣ አራት ወጣልኝ፣ ጠጠሯን መታሁ። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝና፣ በል እንግዲህ አሁን እህል ቅመስ አለችኝ።

ጨዋታውን አሸነፍኩ። በማግስቱ ሆስፒታል ሄደን እሷን ኮሪደር ላይ አስቀምጬ ገባሁ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮኑ ሲቀር የሚሞላውን ቅጽ ሰጠኝና ምክንያቱን ይጻፉ አለኝ። በታማሚዋ ፈቃድ ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ስሜን አሰፈርኩ። ላንቺም እንዲሁ አልኩሽ። ለእግዚአብሔር ደግሞ፣ ፈቃድህ ነው አልኩት። የገዛ ፍርሃቴን የሱ ፈቃድ ብዬ እየጠራሁ ይህን ሁሉ ጊዜ ስጸልይ ኖርኩ። አሁን አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ፣ ፈቃድህ ይሁን የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ጨርሼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ቆየች። አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሪኝ አልልሽም፤ በምን አፌ? እሷ ግን መኖር ፈልጋ ነበርና ፎቶዋን ወደ ቦታው መልሺው። እግዚአብሔር ደጅሽን ይጠብቅልሽ፣ የማህፀንሽን ፍሬ ይባርክልሽ፣ እኔ ያሳጣኋትን ዕድሜ ላንቺ ይጨምርልሽ።

ዛሬ ጠዋት የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሄጄ የዚያን ቅጽ ግልባጭ ጠየቅሁ። ፋይሉን የምታወጣው ሴት፣ አባባ ምን ሊያደርግልዎት ነው፣ ለክስ ነው እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት። በማን ላይ ስትለኝ፣ ስሙ እዚያው ተጽፏል አልኳት። ግልባጩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ከትቼልሻለሁ። የእጅ ጽሑፌን ታውቂዋለሽ።

አባትሽ